ኮሚቴው ሲመጣ የሚነጠፈው ፍራሽ

ከወደቡ የሚወጣ ሠራተኛ ሁሉ ዐሊያን ያውቃታል። ከሰዓት በኋላ የፀሐዩ ኃይል ትንሽ ሲሰበር፣ ዓደን ውስጥ ሁጀይፍ በሚባል ሰፈር ከሚገኘው ሕንፃችን ሥር ብረት ድስቷን ጥዳ ባጅያ ትጠብሳለች። የተፈጨ አደንጓሬ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር አድቦልቡላ ዘይት ውስጥ ትጥለዋለች፤ ጫኝና አውራጆቹ ደግሞ ገና ሳይበርድ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይቀበሏታል። እጇ ፈጣን ነው። አፏም ከእጇ አይዘገይም።

የተወለደችው ኮምቦልቻ ነው። አባቷ ጨርቅ የሚነግድ የየመን ሰው፣ እናቷ የወሎ ልጅ ነበሩ። እዚያ ሳለች «የዐረቡ ልጅ» ይሏት ነበር፤ እዚህ ስትመጣ «ሐበሺያዋ» ሆነች። «የትም ብሄድ ስም የሚያወጡልኝ ሌሎች ናቸው» ትላለች፣ ባጅያውን እያገላበጠች።

ባሏ ሙንተሰርም ከወዲያ ማዶ የመጣ ነው፤ የድሬዳዋ ልጅ። እኔና እሱ አንድ ወደብ ላይ አርጅተናል። እኔ ዕቃ ቆጣሪ ነበርኩ፤ አሮጌዎቹ የዓደን ሰዎች እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛው «ታሊ ክላርክ» ይሉኛል። እሱ ጫኝና አውራጅ ነበር። አንድ ቀን ከመርከብ ሆድ የዱቄት ጆንያ ሲወጣ የክሬኑ መረብ ተቀደደና ጆንያው ወገቡ ላይ ወረደበት። ከዚያ ወዲህ እግሮቹ አይታዘዙትም። ከወገቡ በላይ ግን ምንም አልጎደለበትም፤ ምላሱማ እንዲያውም ብሶበታል።

ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ከእኔ ቤት በላይ። በጦርነቱ ጊዜ የሕንፃው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፣ የደረጃው መደገፊያ ረገፈ፣ አንዳንዱ ደረጃም ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው ክፍተት ሆኖ ቀረ። ጤነኛ ሰው ግድግዳውን እየዳሰሰ ይወጣል። ሙንተሰር ከዚያ ደረጃ ከወረደ ዓመታት አለፉ። በመስኮቱ የክሬኖቹ ጫፍ ይታየዋል፤ ባሕሩን ግን ፊት ለፊት ያለው መጋዘን ጋርዶታል። ዕድሜውን ባሕር ላይ የፈጀ ሰው፣ ባሕሩ በድንጋይ ውርወራ ርቀት እያለ አያየውም።

«ተሸክመን እናውርድህ» ስንለው ይቆጣል። «ዕድሜዬን ሙሉ ጆንያ ተሸክሜ፣ አሁን ደግሞ እኔው ጆንያ ልሁንላችሁ?» ይላል። ነገሩ በዚህ ያበቃል።

ስለዚህ ዐሊያ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምድር ቤት። ሰፊ ይሁን ጠባብ፣ አዲስ ይሁን አሮጌ ግድ አልነበራትም። በሩ ሲከፈት መሬት ላይ የሚከፈት ቤት፣ ሙንተሰር ወንበሩን ራሱ እየገፋ፣ ማንንም ሳይለምን የሚወጣበት ቤት ነው የፈለገችው።

በትንሿ ዓደን መንገድ፣ ሰላሕ አድ-ዲን ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ለችግረኛ ቤተሰብ የሚታደሉ ሕንፃዎች ተሠርተው ማለቃቸው የተሰማ ጊዜ ከሁሉ ቀድማ የተመዘገበችው እሷ ናት። ቀድሞ መመዝገብ ግን ምንም እንደማይፈይድ ወዲያው ነገሯት። ቅድሚያ የሚሰጠው በነጥብ ነው። ቤቱ የተሰነጠቀበት ነጥብ አለው። አካሉ የተጎዳ ነጥብ አለው። ልጅ የበዛበት ነጥብ አለው፤ ዐሊያና ሙንተሰር ደግሞ ልጅ የላቸውም።

«አላህ ያልሰጠኝን እነሱ ደግሞ ቆጥረው ቀነሱብኝ» አለችኝ።

ከነጥቡ ሁሉ ትልቁ ግን በዓይን የሚታየው ነው። ለጅናው፣ እዚህ ኮሚቴውን እንዲህ ነው የሚሉት፣ ቤት ለቤት ዞሮ የሰውን ኑሮ አይቶ ይመዝናል። ሴቶች ያሉበት ቤት ሳያሳውቁ መግባት ነውር ስለሆነ የሚመጡበት ቀን በሰፈሩ ሽማግሌ በዓቂሉ በኩል አስቀድሞ ይነገራል።

እስቲ አሁን ልብ በሉ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከእኔ ፊት ለፊት የሚኖረው ጎረቤታችን ለጅናው እንደሚመጣ ሲሰማ ፍሪጁን ወንድሙ ቤት አስወሰደ፣ ምንጣፉን ጠቀለለ፣ ልጆቹን ባዶ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። ብልጥ ነው፤ አልፈርድበትም። ዐሊያስ ምን አደረገች? ኖራ ገዛች።

ኖራውን በጥብጣ፣ ወንበር ላይ ቆማ፣ ያንን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ በጭቃና በጨርቅ ደፍና ግድግዳውን ነጭ አድርጋ ቀባችው። ከአንደኛው ጎረቤት ምንጣፍ፣ ከሌላው ቴርሞስ፣ ከሌላዋ ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ብርጭቆዎች ተዋሰች። የሙንተሰርን መጸዳጃ ባልዲ ጣራ ላይ ደበቀችው። ጎማው የወለቀውን ተሽከርካሪ ወንበሩንም «ሲያዩት ያስጠላል» ብላ ከባልዲው ጋር ሰደደችው።

ወደ እኔም መጣች። በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«ጋሼ ሰብሐት፣ ልጠይቅህ ፈርቼ ነው።»

ምን እንደፈለገች አውቄአለሁ። ባለቤቴ የሺሐረግ በእጇ የሰፋችው ቀይ ጥለት ያለው ፍራሽ አለ፣ ከነመትካው፣ ማለት ከነክንድ መደገፊያ ትራሱ። ለዓመት በዓል ብቻ ነበር የምታነጥፈው። እሷ መዓላ ሰፈር ካለው የክርስቲያን መቃብራችን ከገባች ወዲህ እንደተጠቀለለ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ውሰጂ» አልኳት።

አወረድኩላት። አቧራውን ደረጃው ላይ አራገፈችና ይዛ ወጣች።

በቀጠሮው ቀን እኔም ተጠርቼ ሙንተሰር አጠገብ ተቀመጥኩ። እንዴት አድርጋ እንዳሰናዳችው ብታዩ! ጢሙ ተላጭቷል። የሠርግ የሚመስል ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ አዲስ ፉጣ፣ የየመኑን ሽርጥ፣ ታጥቋል። በመትካው ግራና ቀኝ ደግፋ፣ እግሩን አጣጥፋ ፉጣውን አልብሳ፣ ቤቱ ራስጌ ላይ እንደ ሼኽ አስቀምጣዋለች። እዚህ ሰው ሁሉ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነው የሚቀመጠው። ተቀምጦ ላየው ማን ጤነኛ ማን በሽተኛ እንደሆነ አይለይም።

ከለጅናው ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ በስልኩ ፎቶ የሚያነሣ ዝምተኛ ነው። ዋናው ዋኤል የሚባል ወጣት ነው፤ ደረጃውን ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ ፊቱ ግን ጥሩ ሰው መሆኑን ይናገራል።

«አህለን ወሰህለን!» አለ ሙንተሰር። «ግቡ፣ ግቡ። ስላልተነሣሁ ይቅርታ፣ ዛሬ ስንፍና ይዞኛል።»

ዋኤል ሳቀ። «ዐሚ ሙንተሰር፣ አጎቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ። መነሣት ያለብን እኛ ልጆቻችሁ ነን።»

ዐሊያ ሻሂ በወተት ቀዳች፣ ባጅያ በሳህን አቀረበች። ዋኤል እየበላ ዙሪያውን አየ። ነጩን ግድግዳ አየ። የየሺሐረግን ፍራሽ በእጁ ዳሰስ አደረገና «ማሻአላህ፣ የእጅ ሥራ ነው?» አለ።

«የእጅ ሥራ ነው» አለች ዐሊያ። የማን እጅ እንደሆነ አልተናገረችም፤ እኔም አልተናገርኩም።

«ጤናዎ እንዴት ነው፣ ዐሚ?»

«አልሐምዱሊላህ። ምንም አይጎድለኝም።»

በክርኔ ጎሸምኩት። ጭራሽ ዞር ብሎም አላየኝ።

«ቤቱስ ያስቸግራችኋል?»

«ቤት ነው» አለ ሙንተሰር። «ጣራ አለው፣ በር አለው። ከሁሉም በላይ እመቤት አለው።»

ዐሊያ በሻርፗ አፏን ሸፈነች፤ ደስ ብሏታል። እኔ ግን አላስቻለኝም። «ልጄ» አልኩት ዋኤልን፣ «ይኼ ሰው መራመድ አይችልም። ከዚህ ደረጃ ከወረደ ዓመታት…»

ሙንተሰር አቋረጠኝ። «እሱን አትስሙት፣ ሰብሐት ቆጣሪ ነው፤ ሲቆጥር ይሳሳታል። እኔ ያልወረድኩት ስላልፈለግኩ ነው። ታች ምን አለ? ሙቀትና ዓቂሉ!»

ዋኤል ሳቁ አነቀው። ዝምተኛው እንኳ ሳቀ። ሻሂያቸውን ጨርሰው፣ ዐሊያን መርቀው ወረዱ።

«ደስ ብሏቸው ሄዱ» አለች ዐሊያ ብርጭቆ እየሰበሰበች።

«ዐሊያ፣ ሰዎቹ የመጡት እኮ ደስ እንዲላቸው አይደለም!»

«እና ታዲያ እንግዳዬ አዝኖ ይሂድ?»

ሙንተሰርን አየሁት። ወደ መስኮቱ ዞሮ ክሬኖቹን ያያል። «ሰው ቤቴ መጥቶ ሻሂ እየጠጣ ‹እኔ ሽባ ነኝ› በለው ነው የምትለኝ?» አለ፣ ቀስ ብሎ። ተነሥቼ ወደ ቤቴ ወረድኩ።

ዝርዝሩ ዓቂሉ በር ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ነው። ዐሊያ ስሟን ፍለጋ ከወረቀት ወረቀት ስትሄድ መጨረሻው ላይ ከታች አገኘችው፣ «ችግሩ ቀላል» ከሚለው ሥር። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ድስቷን ከነትኩስ ዘይቱ ለእኔ አደራ ብላ፣ ሻርፗን አጥብቃ በቀጥታ ወደ ለጅናው ቢሮ ሄደች። ድስቱን ለጎረቤት አስተላልፌ ተከተልኳት፤ ተናዳ ብቻዋን መላክ ደግ አይደለም።

የለጅናው ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የአካል ጉዳተኛን ቅድሚያ የሚወስን ቢሮ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሊፍትም የለው! ሊፍት የሚባል በር አለ፣ ውስጡ ግን የመጥረጊያ ማስቀመጫ ነው።

ዋኤል ሲያያት ፈገግ ብሎ ተነሣ። «ኻላ ዐሊያ፣ አክስቴ! ያ ባጅያ እስካሁን ከአፌ አልጠፋም።»

«ባጅያው ጥፋት ካለው ንገረኝ፣ ልጄ። ለምንድን ነው መጨረሻ ያደረግከኝ?»

ዋኤል ፎቶዎቹን በስልኩ ከፍቶ አሳያት። «ኻላ፣ ወላሂ ቤትዎ ከኔ ቤት ይሻላል።»

«የሰው ነው!»

«ምኑ?»

«ምንጣፉ የጎረቤት ነው። ብርጭቆው የጎረቤት ነው። ፍራሹ የጋሼ ሰብሐት ሟች ሚስት ነው። የኔ ኖራው ብቻ ነው።»

ዋኤል ወደኔ አየ። ራሴን ነቀነቅኩ።

«ታዲያ ለምን አነጠፉት?»

«እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«እንግዳ መጣብሽ ብለህ ንገራት እስቲ። ባልዲ ነው የምታቀርበው?»

ዋኤል ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ። ከጎኑ ያለው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ወፍራም ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «የሐኪሙ ማስረጃ አሮጌ ነው። ሰውየው ሲስቅ ፎቶው አለ። ተሽሎታል ማለት ነው» አለ።

«ሽባ አይስቅም ያለህ ማነው?» አለች ዐሊያ።

«ሁለተኛ ጉብኝት አይፈቀድም» አለ ወፍራሙ። «በሽተኛው ራሱ ቀርቦ ከታየ ግን ሊሻሻል ይችላል።»

«የት ነው የሚቀርበው?»

«እዚሁ።»

«እዚህ ፎቅ ላይ?»

«ቢሮው እዚህ ነው፣ ኻላ» አለ ዋኤል፣ አፍሮ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የታሠረ ሰው ደረጃ መውረድ እንደማይችል ለማስረዳት ሦስት ፎቅ ወርዶ ሁለት ፎቅ መውጣት አለበት። ይኼን ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ዐሊያ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏ ላይ ጮኸች። ድምፅዋ ወለሉን አልፎ ቤቴ ድረስ ይሰማ ነበር። «እኔ እዚህ ደረጃ ላይ ውሃ በጀሪካን ስወጣ ጉልበቴ አለቀ! አንድ ቀን እኔ የወደቅኩ እንደሆን ባልዲህን ማን ይደፋልሃል? ስንፍና ይዞኛል በለኛ!» ከዚያ ባልዲውን አንሥታ በእኔ በር በኩል ስትወርድ ሰማኋት።

በማግስቱ የጫኝና አውራጆቹ ፎርማን ራምዚ መጣ። ራምዚ የሙንተሰር የድሮ ጓደኛ ነው፤ አንገቱ እንደ በሬ፣ ድምፁ እንደ መርከብ። የመጣው ዐሊያ ለምናው ነው፤ እሱ ግን እንዳልተለመነ ሆኖ ገባ።

«ሰማሁ» አለ፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ እየተቀመጠ። «ጆንያ አልሆንም አልክ አሉ።»

«አልሆንም።»

«እውነትህን ነው። አንተ ጆንያ አትሆንም። ጆንያ እኮ አይለፈልፍም።»

«ሂድ ከዚህ!»

«ስማኝማ። ፒያኖ የጫንን ቀን ትዝ ይልሃል? ያ የፈረንጁ፣ ከዚህ ሕንፃ ያወረድነው? አንተ ነህ ከፊት የያዝከው። አንድ ቦታ እንኳ አልጫረም። ‹ዕቃው ክብር ያለው ከሆነ ተሸካሚውም ክብር አለው› ያልከን አንተ ነህ። አሁን ታዲያ ተረኞቹ እኛ ነን፤ ወይስ መሸከም የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ?»

«ፒያኖው በገመድ ነው የታሠረው» አለ ሙንተሰር በመጨረሻ። «ከግርጌው ነው የሚያዘው። በአንድ በኩል ከፍ ካደረጋችሁት ይገለበጣል።»

«እንግዲያ አንተ እዘዝ።»

እንዲህ ነው የወረደው። ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ደረቱንና ወገቡን በመርከብ ገመድ አሥረው፣ አራት ጫኝና አውራጆች ይዘውት ወረዱ። እሱ ከላይ ሆኖ ያዛል። «ግራ ዝቅ! አቁም! ራምዚ፣ እርጅና ተጫጭኖሃል፣ ቀኝ ከፍ!» ሰዎቹም ዕቃ ሲያወርዱ እንደሚያደርጉት እየተቀባበሉ «ሄ» ይላሉ። ጎረቤት ሁሉ በር ላይ ቆሞ አየ። የፈራው ይኼን ነበር። ሰዉ ግን አልሳቀበትም፤ ሰላም አለው። «ያ ሙንተሰር! የት ጠፍተህ?» የሚል ድምፅ ከየበሩ ይመጣ ጀመር።

ታች ሲደርስ ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ወደ መጋዘኑ ጥግ አየ። እዚያ ጋ ባሕሩ ትንሽ ይታያል።

«ትንሽ አቁሙኝ» አለ።

አቆሙት። ማንም አላጣደፈው። ራምዚ ሲጋራ አውጥቶ ለኮሰ።

ቢሮው ዘንድ ስንደርስ ዘበኛው «ለጅናው ፎቅ ነው» አለን። «አንድ ሰው ወርዶ ይየው» አልኩት። «ሥራ ይዘዋል» አለኝ። ሰዎቹ ተያዩ፣ ምራቃቸውን ዋጡ፣ ወንበሩን አነሡ። «ሄ!» እያሉ ሁለቱን ፎቅ ወጡት። በሩን ገፍተን ስንገባ ወፍራሙ ሰው ቀና አለ። ላብ የሚያንጠባጥቡትን አራት ሰዎች አየ። በገመድ የታሠረውን ሙንተሰርን አየ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ይኸው ወጣ አይደል?»

ራምዚ ወንበሩን ለቆ ሊያንቀው ነበር፤ ሙንተሰር «እንዳትለቀኝ፣ እገለበጣለሁ!» ባይለው። ዐሊያ አልጮኸችም። ወንበሩን በዋኤል ጠረጴዛ ፊት አስወረደችና የሙንተሰርን ፉጣ እስከ ጉልበቱ ገለጥ አደረገች። እንደ ሸምበቆ የቀጠኑት እግሮቹ ታዩ። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት አድርጋ አታውቅም። ሙንተሰር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዋኤል ተነሥቶ በገዛ እጁ ፉጣውን መለሰው። «ይበቃል፣ ኻላ» አለ። «ይቅር ይበሉኝ።» በዚያው ቆሞ ጻፈ።

ከወር በኋላ ዐሊያ የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ከላይ ወጣች። ሰፈሩ እልል አለ። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ብልጡ ሰውዬ እንኳ መጥቶ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ቁልፍ የሚሰጥበት ቀን ሦስታችን፣ እሷና እኔና ራምዚ፣ ሰላሕ አድ-ዲን ሄድን። እዚያ ደግሞ ሌላ ለጅና ተቀምጧል፣ ዋኤል የሌለበት። ጠረጴዛው ላይ ከረጢት አለ።

«እጅሽን አስገቢና አውጪ» አሏት።

«ምኑን?»

«የፎቁን ዕጣ። ለፍትሕ ሲባል በዕጣ ነው።»

«እኔ እኮ ቅድሚያ ያገኘሁት ባሌ መራመድ ስለማይችል ነው!»

«ቅድሚያው ቤት ለማግኘት ነው። ቤት አግኝተሻል፣ መብሩክ። ፎቁ የእኛ ሥራ ነው፤ እኛ ደግሞ ሰው ከሰው አንለይም።»

እጇን አስገብታ አወጣች። አራተኛ ፎቅ።

ራምዚ ከእንግሊዝ ጊዜ የተረፈ የወደብ ስድብ ተሳደበ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዐሊያ ወረቀቷን ይዛ ቆማ አየችው፣ ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ለመስማት ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። እምቢ ካለች ወደ መጨረሻው ወረቀት ትመለሳለች። ቁልፉን ተቀበለች።

ከዚያ ያደረገችውን ሁሉም ለጅናዎች ተሰብስበው አያደርጉትም። በሻሂ ሞልታ ያመጣችውን ቴርሞስ ከቦርሳዋ አወጣችና የምድር ቤቱን በር አንኳኳች።

የከፈተችላት ቀደም ብሎ በዕጣ የገባች ዋፋ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ሦስት የደረሱ ሴቶች ልጆች አሏት፤ አል-ዐለም ከሚባል ሰፈር ተፈናቅላ ነው የመጣችው። ቤቷ በቀን ጨለማ ነው፤ መስኮቶቹ በካርቶን ተሸፍነዋል። ዐሊያ ገና ሻሂ ሳትቀዳ ዋፋ ጀመረች፤ ከመስኮቱ ሥር ወንዶች ጫት ይዘው ይቀመጣሉ፣ ልጆቿ ሻርፕ ሳያጠልቁ በቤታቸው መንቀሳቀስ አልቻሉም፣ መስኮት ካልተከፈተ ደግሞ ሙቀቱ ይገድላል። ለለጅናው ብታመለክትም «ዕጣ ነው» አሏት።

«አራተኛ ፎቅ ነፋስ አለው» አለች ዐሊያ። «ከመስኮቱ ሥር አሞራ እንኳ አይቀመጥም።»

«ውሃው ግን እዚያ አይደርስም አሉ።»

«ውሃ ከኔ ትቀጃለሽ። ልጆችሽ ገመድ ይላኩልኝ፣ እኔ ከታች ጀሪካን አስርላቸዋለሁ።»

ሻሂው ሳይበርድ ቤት መለዋወጡን ጨረሱት። ተቃቀፉ። ልጆቹ ዕቃቸውን ለመጠቅለል ሲሯሯጡ ካርቶኑ ከመስኮቱ ወደቀና ብርሃን ገባ። ሁለት ለጅናዎች ያልፈቱትን ነገር ሁለት ሴቶች በአንድ ቴርሞስ ፈቱት። ለዚህ የሚሰጥ ነጥብ ግን የለም፤ እንዲያውም ክልክል ነው። በተመደበበት ቤት ያልተገኘ ሰው ቤቱን ይነጠቃል፤ ወረቀቱ ላይ በቀይ ተጽፏል።

አሁን ሙንተሰር ምድር ቤት ይኖራል። ጎማው ተሠርቶለታል፤ ማለዳ ማለዳ ወንበሩን ራሱ እየገፋ በሩን ያልፋል። ከመንገዱ ወዲያ ባሕሩ አለ። ጫት ይዘው ከሚቀመጡት ወንዶች ጋር ተዋውቆ አሁን ጨዋታው የሚደምቀው በእሱ ነው። ዐሊያ ድስቷን እዚያው በሯ ላይ ጥዳለች። ከላይ ገመድ ይወርዳል፣ ጀሪካን ይወጣል።

ብቻ አልፎ አልፎ ስልኬ ይጮኻል።

«ጋሼ ሰብሐት፣ ለጅናው ነገ ይመጣል።»

ቀኑ እንደ ድሮው በዓቂሉ በኩል አስቀድሞ ይነገራልና እኛም እንዘጋጃለን። ራምዚ ሰዎቹን ይዞ ከሁጀይፍ ይመጣል፣ ገመዱን በትከሻው አጋድሞ። እኔ ከኋላ የወንበሩን አንድ ጥግ እይዛለሁ፤ ከያዝኩት ይልቅ ደረጃው ይዞኛል። ዋፋና ልጆቿ ወደ ታች ይሮጣሉ፣ እኛ ወደ ላይ።

«ቀኝ ከፍ!» ይላል ሙንተሰር። «ሰብሐት፣ ስንተኛ ፎቅ ደረስን? ቆጣሪው አንተ አይደለህ?»

«ዝም በል፣ ጆንያ አይናገርም!» ይለዋል ራምዚ።

ዐሊያ ቀድማን ወጥታ የየሺሐረግን ፍራሽ ራስጌው ላይ አንጥፋ ትጠብቃለች። መልሼ አልወሰድኩትም። ቤቴ እንግዳ አይመጣም፣ እዚህ ግን ያስፈልጋል። ሙንተሰርን በመትካው ግራና ቀኝ ትደግፈዋለች፣ ሸሚዙን ታስተካክላለች። ቤት ለቤት የሚዞረው አሁንም ዋኤል ነው፤ ላቡን እየጠረገ አራተኛውን ፎቅ ይጨርሳል። የዐሊያን ፊት አያይም፣ ፍራሹን ብቻ ያያል። ከኋላው የሚመጣው ፎቶ አንሺ ሳይደርስ፣ ሙንተሰርን ያወጣንበትን ገመድ በእግሩ ገፋ አድርጎ ከበሩ ኋላ ይሸሽገዋል።

«ዐሚ ሙንተሰር፣ እዚህ ነው የሚኖሩት?» ብሎ ይጠይቃል፣ መጠየቅ ስላለበት።

«አልሐምዱሊላህ» ይላል ሙንተሰር። «ስላልተነሣሁ ይቅርታ፤ ዛሬ ስንፍና ይዞኛል።»

ዋኤል ሻሂውን ይጠጣል፣ «በቦታው ተገኝቷል» ብሎ ይጽፋል፣ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ገመዱን ከበሩ ኋላ አውጥተን፣ መተንፈስ እስክንችል ትንሽ ቆይተን፣ ሙንተሰርን ወደ ቤቱ እናወርደዋለን።